ከቦረና ያመጣሁት ኮርማ

አባቴ ከብት ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ትከሻ ነው። ቀንበር የሚያርፍበትን ቦታ በመዳፉ ይዳብስና ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አካሄዱን ያያል፤ ከዚያ ፊት ለፊት ቆሞ ዓይኑን። ዓይኑ ካልጣመው የቱንም ያህል ቢያምር ትቶት ይሄዳል። ሥጋው ምን ያህል ይሆናል ብሎ ግን በዕድሜው ሙሉ አስቦ አያውቅም። በሬ የሚታረደው ማረስ ሲያቅተው ነው፤ ከዚያ በፊት እንደ ሥጋ ማየቱ ነውር ይመስለው ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ አምቦ ማዋለጃ ክፍል የምሠራ ነርስ ነበርኩ። የአባቴ መሬት ከጊንጪ ወጣ ብሎ፣ ከጭልሞ ጫካ በታች ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻውን ስለቀረ፣ ተረኛ ባልሆንኩበት ቅዳሜ ሁሉ በሚኒባስ ጊንጪ ድረስ ሄጄ የቀረውን በእግሬ እወጣዋለሁ። ወንድሞቼ ራቅ ራቅ ብለው ኑሯቸውን መሥርተዋል። ስለ እርሻው የሚያስብ ከእሱና ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው መንገድ ላይ ነው። አምቦ እያደገች ነበር፤ ተማሪው በዝቶ፣ ባጃጁ በዝቶ፣ በአስፋልቱ ዳር ሥጋ ቤት በሥጋ ቤት ላይ ይከፈታል። የሚታረደው ሰንጋ ግን አብዛኛው ከሌላ አገር በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣ ነው። በሚኒባሱ መስኮት አይሱዙው ሲያልፈን የሰንጋዎቹን ጀርባ አያለሁ፤ ሰፊ፣ ረጅም፣ እንደ አልጋ የተዘረጋ። ከዚያ አባቴ ጓሮ ስደርስ አጫጭርና ጎናቸው የጠበበ ላሞቻችንን አያለሁ። ሣር አለን፣ ውሃ አለን፣ ከብቱ ብቻ ነው የጎደለን ብዬ አሰብኩ። ላሞቻችንን ሥጋ ከሚይዝ ዝርያ ጋር ባዳቅላቸው፣ ልጆቻቸውን አደልቤ እዚሁ አምቦ መሸጥ አያቅተኝም።

ለአባቴ ስነግረው ሰማኝና፣ ላሞቹ የአንቺም ናቸው፣ እንደፈለግሽ አለኝ። እሺ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ይህ «እንደፈለግሽ» ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ከብት አዳቃዩ ዘንድ ነው። ወጣት ነው፤ ዘሩን በናይትሮጂን ዕቃ ጭኖ በሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር ይዞራል። ነዳጅ ሲያጣ አይዞርም። የሥጋ ዝርያ እፈልጋለሁ ስለው በቅንነት መለሰልኝ። እጁ ላይ ያለው የወተት ላም ዘር ብቻ ነው፤ እሱም በጊዜው ከመጣለት። የሥጋ ዘር የጠየቀው ሰው ከእኔ በፊት እንዳልነበረ ነገረኝ። ተስፋ እንዳልቆርጥ ብሎ ነው መሰለኝ፣ የፈረንጁም ቢሆን አካሉ ትልቅ ነው፣ ወንድ ከሆነ ታደልቢዋለሽ አለኝ።

እኔም ባዶ እጅ ከመቅረት ብዬ ተስማማሁ። ግን ላም የቢሮ ሰዓት አታውቅም። የመጀመሪያዋ ላም ኮርማ የፈለገችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስልክ ብደውል አይነሳም። በማግስቱም እሁድ ነው፣ እረፍቱ ነው። ሰኞ ረፋዱ ላይ ሲደርስ ላሟ ተረጋግታ ሣሯን ትግጣለች። በሌላው ዙር ደግሞ በሰዓቱ ደረሰ፣ ግን ናይትሮጂኑ አልቆበት ነበር። በሦስተኛው ተሳካ።

የተወለደው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ወንድ ጥጃ ነው። እግሩ ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ፣ ሻኛ የሚባል ነገር የሌለው። ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ይበላል፤ ፉርሽካውንም ፋጉሎውንም ከከተማ እየገዛሁ አጓጉዝለታለሁ። ቁመቱ ጨመረ እንጂ ጎኑ አልሞላም። አባቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየና፣ «ቀንበሩ የት ላይ ሊያርፍ ነው?» አለኝ። ሳያሾፍብኝ ነው፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ለእርሻ እንዳልሆነ ስነግረው ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤት ገባ።

ለፋሲካ ጊንጪ ገበያ አወጣሁት። የሚመጣው ሰው ሁሉ እጁን ሻኛው ሊኖርበት ወደሚገባው ቦታ ይሰድና ባዶ ሲሆንበት ይስቃል። አንዱ ነጋዴ የፈረንጅ ሥጋ ውሃ ነው ብሎኝ አለፈ። ሌላው ከእኔ ጋር መነጋገሩን ትቶ፣ ይቺን ሴት ማን አሳሳታት ብሎ ከጓደኛው ጋር በኦሮምኛ ያወራል፤ እኔ ኦሮምኛ የማልሰማ መስሎት። ፀሐይ ላይ ውዬ ማታውን መልሼ ነዳሁት። በኋላ የዶሮና የከብት መኖ የሚሸጥ አንድ ሰው ለዝክር ብሎ ወሰደው፤ የወጣልኝ ዋጋ የበላውን አይመልስም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እኔን ግን የሰዎቹ ሳቅ አናደደኝ። ገዢው ሻኛ ከፈለገ ሻኛ ያለው ትልቅ ከብት አለ፤ የቦረና ከብት። ከእኛ ላሞች ጋር ቢዳቀል ጥጃው ሻኛውንም አካሉንም ይይዛል። የሚያስፈልገኝ አዳቃይ ሳይሆን ኮርማ ነው።

አብራኝ የምትሠራ ነርስ ወንድሟ አዳማ አካባቢ የቦረና ከብት ያደልባል። ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ሰውዬው በረት ሙሉ ወጣት ወጣት ኮርማዎች አሳየኝና የፈለግሽውን ምረጪ አለኝ። አባቴ እንደሚያደርገው ትከሻውን አላየሁም። የጀርባውን ርዝመት፣ የደረቱን ጥልቀት፣ የኋላ እግሩን አቋቋም፣ የቆለጡን እኩልነት አየሁ። ሰውዬው ቆለጡን ጎንበስ ብዬ ሳይ አፈረልኝ መሰለኝ ፊቱን አዞረ። ለማረድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ለዘር ነው ስለው ትንሽ አሰበና፣ ያገራችሁ ብርድ እንዳይጎዳው በመጀመሪያው ክረምት መጠለያ አታሳጪው አለኝ። ያገኘሁት ጥሩ ምክር ያ ብቻ ነው።

ኮርማው ነጣ ያለ ግራጫ ነው፤ አንገቱ አካባቢ ጠቆር ይላል፤ ሻኛው እንደ ሰው ጭንቅላት ተቀምጦበታል። ከአይሱዙው ሲወርድ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አባቴ ቀርቦ ትከሻውን ዳበሰ። ከዚያ ኋላውን፣ ከዚያ ዓይኑን። ፊቱ ሲበራ አየሁት። እናቴ ካረፈች ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። «ጋሪዳ» አለ በኦሮምኛ፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው፤ ደግሞም አንድ ጊዜ አይደለም ያለው። እኔም ደስ አለኝ። ሁለታችን የተደሰትነው በተለያየ ነገር መሆኑ አልታየኝም።

ላሞቹን ስንመርጥ ግን ተጣላን። እሱ ወተታቸው ደህና የሆነውን ሊያቀርብ ፈለገ። እኔ ዳሌያቸው ሰፊ የሆነውን ነው የምፈልገው፤ የቦረና ጥጃ ትልቅ ስለሚሆን ጠባብ ላም ስትወልድ ትቸገራለች። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የማየውን ልነግረው ስጀምር እጁን አንስቶ አስቆመኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከልጁ አፍ መስማት አልፈለገም። በመጨረሻ ሁለት ላሞችና አንዲት ጊደር ለየሁና፣ ሌላ ኮርማ እንዳይደርስባቸው ከመንጋው ለብቻቸው ይዋሉ ብዬ አደራ አልኩት። እንደፈለግሽ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ሦስቱም ከመንጋው ጋር ሜዳ ላይ ናቸው። ለብቻቸው የሚጠብቃቸው ሰው የለም አለኝ። ኮርማውስ የት አለ ብል፣ ጎረቤታችን ላማቸውን አምጥተው እሱ ጋር ናቸው አለኝ። ጎረቤታችን ኦቦ ብለን የምንጠራቸው፣ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ሌላው መጣ፣ ከሌላው በኋላ ሌላው። ከጊንጪ ማዶ ድረስ የሚያመጡ ነበሩ። ኮርማው ይደክማል፣ በሽታ ያመጡበታል፣ የእኛ ላሞች ሳይጠቀሙ ይቀራሉ ብዬ ለመንኩት።

«ለጎረቤት ኮርማ ይከለከላል ወይ?» አለኝ። «ምን ብዬ ነው የምከለክለው?»

 እኔ በሳምንት አንድ ቀን መጥቼ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ከእነሱ ጋር የሚኖረው እሱ ነው። እንደዚያም ሆኖ ወደ አምቦ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው የምሄደው። አጥር ላሳጥር ብዬ እንጨትና አናጢ ላክሁ፤ አባቴ እንጨቱን ለጎተራው ጥገና አዋለው። ጠባቂ ቀጠርኩ፤ አዝመራ ሲደርስ ጠፋ።

የዘር ወቅት ሲገባ ኮርማው አስቸገረ። ምግብ ተስማምቶት፣ ጎልምሶ፣ የላም ሽታ ከሸተተው የሚይዘው ነገር የለም። አንድ ቀን የኦቦን አጥር ገነጠለና ጓሯቸው ገባ፤ እዚያ ከእርሻ በሬያቸው ጋር ተዋግቶ የበሬውን እግር ጎዳው። በሬው ማረስ አቃተው። መሬቱ ለስልሶ ዘር በሚጠብቅበት ሳምንት በሬ የተጎዳበት ገበሬ ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አባቴ የራሱን በሬ ለኦቦ አውሶ፣ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይደርስ ቃል ገብቶ ተነሳ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት ተረኛ ነበርኩ፤ ቅዳሜ አልሄድኩም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስደርስ ኮርማው ግራር ሥር ተኝቷል። ቀን ቀን አይተኛም ነበር። ጠጋ ስል የኋላ እግሮቹን አራርቆ፣ በጭንቅ ነው የሚተነፍሰው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አብጦ ጠቁሯል። ነርስ ነኝ፤ ምን እንደተደረገ ሰው እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም፤ ግን ጠየቅሁ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም» አለ አባቴ ከኋላዬ። «አረጋጋሁልሽ።»

እንደ ድሮው፣ ቆለጡን በእንጨት መካከል አድርጎ አስቀጥቅጦታል። የሚያውቅበት ሰው አስጠርቶ፣ ሰው አሲዞ፣ በእኔ ፈንታ ተቸግሮ የሠራልኝ ሥራ መስሎታል። ድምፁ ውስጥ ምስጋና የሚጠብቅ ነገር ነበረበት።

«አባባ፣ እኔ እኮ ለዘር ነው ያመጣሁት።»

«ዘሩንማ ሰጥቷል። የአገር ላም ሁሉ አርግዟል። ከዚህ በኋላ ይሥራበት።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልናገረው የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ አዳማ ድረስ መሄዴን፣ በየሳምንቱ መመላለሴን፣ ስንት ጊዜ አደራ ማለቴን።  ቀና ስል የሸሚዙ እጅጌ ተሰብስቦ ክንዱን አየሁት። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ገመድ የላጠው ቁስል አለ፣ እየደረቀ። ኮርማው አጥሩን የገነጠለ ቀን፣ አባቴ ገመዱን አልለቅም ሲል ጎትቶት ነበር። ለሽማግሌዎቹም አልተናገረም፣ ለእኔም በስልክ ሲያወራኝ አንድ ቃል አላለም።

ያንን ካየሁ በኋላ መቆጣቱም ተወሰደብኝ። የበለጠ የተናደድኩት በዚያ ነው። ውሃ አፍልቼ ክንዱን አጠብኩለት፣ ቀጥሎም ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቼ ኮርማውን። ከጊንጪ የእንስሳት መድኃኒት አምጥቼ ወጋሁት።  ከዚያ ወዲያ ለብዙ ሳምንት እየሄድኩ ልብሱን አጥቤለት፣ ቤቱን አስተካክዬለት፣ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠን እመለሳለሁ። እሱም ዝምታ ሲበዛበት ከብቶቹን ያናግራል።

የቀረኝ ተስፋ የላሞቹ ሆድ ነው። ጊደሯ ባዶ ሆና ተገኘች። የመጀመሪያዋ ላም ስትወልድ ጥጃዋ ትንሽ፣ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ነው፤ ሜዳ ላይ ከመንጋው ጋር የሚውለው የኦቦ አሮጌ ኮርማ ግንባሩ ላይ ያለችው ነጥብ። ማንም የማን ነው ብሎ አልጠየቀም።

ሁለተኛዋ ምጥ የያዛት እኔ ባለሁበት ቀን ነው። ከጠዋት ጀምራ ብታምጥ የጥጃው እግር ብቻ ወጥቶ ቆመ። እጄን ታጥቤ ገባሁበት። ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ወደ ጎን ዞሯል። አቃናሁትና አባቴ ገመዱን ይዞ፣ ስታምጥ ብቻ ሳብ፣ ስታቆም አቁም እያልኩት ጎተትን። የምለውን ሁሉ ያለ ክርክር ያደረገው በዚያን ቀን ብቻ ነው። ጥጃው ሲወጣ ግራጫ ነው፣ ጀርባው ረጅም፣ በዚያ ዕድሜው እንኳ የሻኛው ቦታ ያስታውቃል። አፉን ጠረግሁ፣ ደረቱን አሸሁ፣ በአፍንጫው ሣር ከተትኩ። አልተነፈሰም። ላሟ ተረፈች።

በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ፣ ስለዚህ እንባዬ አልመጣም። አባቴ ግን ጥጃውን በጆንያ ሸፍኖ አጠገቡ ብዙ ቆየ።

በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ ገበያ ስሄድ፣ በየሰዉ ደጅ ግራጫ ግራጫ ጥጆች ሲዘሉ አያለሁ። ያገሬው ሰው ያቆመኝና ይመርቀኛል፤ ሲስተር፣ ስላመጣሽልን ከብት እግዚአብሔር ይባርክሽ ይለኛል። አሜን እላለሁ።  ለእኔ ግን የቀረኝ የተኮላሸ ኮርማና ቀይ ጥጃ ነው። ኮርማው ደግሞ ቀንበር ለምዶ፣ ሰው ቆሞ የሚያየው የእርሻ በሬ ወጣው። አባቴ ሲያርስበት እንደ ወጣት ነበር የሚሄደው።

ከኦቦ ላም የተወለደው ጥጃ አድጎ ከሁሉም የሚያምር ወይፈን ሆነ። ሳይኮላሽ እንዲያውሱኝ ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። ጸያፍ መሰለኝ፤ በሬያቸውን የጎዳባቸው የእኔ ኮርማ ነው። አንድ ቅዳሜ ግን ስደርስ አባቴ ከእሳቸው ደጅ ሲመለስ አገኘሁት። ነጠላውን ለብሷል፣ ለክብር ሲሄድ እንደሚለብሰው። ምንም ሳልለው፣ ወይፈኑን እስከ መኸር አንነካውም፣ ላሞችሽን አምጪ ብለውሻል አለኝ። አባቴ ለጎረቤት ሲሰጥ እንጂ ሲጠይቅ አይቼው አላውቅም። ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ግን በዚያ ቀን አብረን ምሳ በላን።

ጊደሯና ከላሞቹ አንዷ ከዚያ ወይፈን አረገዙ። የቦረናው ደም ግማሽ የነበረው ሩብ ሆኗል፤ ስንት ዓመት የለፋሁበት ነገር በሩብ ሲደርሰኝ ደስ ሊለኝ አልቻለም። አንዷ ሴት ወለደች። የሌላዋ ወንድ ነው፤ እንደ አያቱ ባይሆንም ጎኑ ሰፊ፣ ሻኛው ደህና፣ ሲበላ የሚታይበት። ድርቆሹን በጊዜው አጨድኩለት፣ ፋጉሎ አላጓደልኩበትም፣ ጾም መፍቻው ላይ እንዲደርስልኝ ወሩን አሰላሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ሁሉ በሐሳቤ መሠረት ይሄድ ጀመር።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ጥበቃው አባትሽ መጥተዋል አለኝ። አምቦ የሚመጣው ሲታመም ብቻ ስለሆነ ጋውኔን እንደለበስኩ ሮጥኩ። በር ላይ አግዳሚው ላይ ዱላውን በጉልበቱ መካከል አድርጎ ተቀምጧል።

«አመመህ?»

«ደህና ነኝ» አለ። ከዚያ ዱላውን እያየ፣ «ወይፈንሽን ከቦረናው ጋር አጣምሬ ላለማምደው ብዬ ነበር። ቁመታቸው ይመጣጠናል። ሳልጠይቅሽ እንዳልነካው ብዬ ነው የመጣሁት» አለኝ።

ለዚህ ብሎ ያንን ሁሉ መንገድ መምጣቱን ሳስብ እሺ ልለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ዓይኑን አየሁት፤ ሲለምንም ሲያዝም አይደለም። እየጠበቀ ነው።

«አይሆንም፣ አባባ» አልኩት። «እሱ ለሥጋ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «ቶሌ» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። በዚህኛው ጊዜ እንደፈለግሽ አላለኝም። አምቦ ውሃ ገዝቼለት ጠጣ፣ ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራን፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። በመስኮቱ በኩል ልሰናበተው ስጠጋ፣ ወይፈኑ ሲሸጥ እሱን እንዳልጠራው፣ ሌላ ሰው እንዲነዳው ለመነኝ። እሺ አልኩት። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ወዲያው ወጣ።